አሸንዳ ይግባ ወይስ ይቅር?

ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ካለፈ በኋላ፣ በግጦሽ ሜዳዎች፣ በገደላ ገደልና በአስታ ቁጥቋጦ መካከል ቀይ፣ ብርቱካናማና ቢጫ ሆኖ ቀጥ ብሎ የሚቆም ረጅም አበባ አለ። በአንዳንድ አካባቢ አሸንዳ፣ በሌላው አበልቢላ ይሉታል፤ ሳይንሱ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ ብሎ መዝግቦታል። በዱር የሚበቅለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ልጃገረዶች በነሐሴ በዓል ወገባቸው ላይ የሚያስሩትን ሣርም በዚሁ ስም የሚጠሩ ስላሉ፣ እዚህ የሚነገረው ስለ አበባው መሆኑ ይታወቅ። ከዚህ በታች የሚከራከሩት ጡረታ የወጡ አንዲት የዕፅዋት ሳይንስ መምህርትና አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር ችግኝ አፍልቶ የሚሸጥ ሰው ናቸው። ጥያቄው ይህ የዱር አበባ በደጋ ከተሞች መኖሪያ ግቢ፣ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሊተከል ይገባዋል ወይ የሚል ነው።

ችግኝ አፊ፦ እትዬ፣ አሸንዳን ደጋ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን ከብት ትቶት የሚያልፈው ቅጠል አድርጎ ነው። ሣሩ ተግጦ ሲያልቅ ሜዳው ላይ እሱ ብቻ ቆሞ ይቀራል፤ ገበሬው በብዛት ሲያየው ግጦሹ ተበላሸ ይላል። እኔ ዘንድ የሚመጣው ደንበኛ ደግሞ የሚጠይቀኝ ጽጌረዳ፣ ጄራኒየም፣ ቡጋንቪላ ነው፤ ዛሬ ገዝቶ በሳምንቱ አበባ ማየት ይፈልጋል። ከብት እንኳ የናቀውን ተክል ፕላስቲክ ውስጥ አስገብቼ ግዙኝ ብል ማን ይሰማኛል? አገር በቀል ስለተባለ ብቻ ሰው ከኪሱ ገንዘብ አያወጣም።

መምህርት፦ አገር በቀል ስለሆነ ብቻ ይገዛ ብዬ አልከራከርም። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው፤ አንድ ግቢ ሲመዘን የመንገደኛው ዓይን ብቻ ሚዛን ሊሆን አይገባም። አበባ የተፈጠረው ለእኛ ዓይን አይደለም። ተክል እግር ስለሌለው ብናኙን ወደ ሌላው ተክል የሚያደርስለት እንስሳ ያስፈልገዋል፤ ቀለሙና ሽታው ጥሪ ነው፣ ኔክታር የምንለው ጣፋጭ ፈሳሽና ብናኙ ደግሞ ክፍያ ናቸው። አሁን የምትሸጠውን ድርብ ጽጌረዳ ውሰድ። ሰው ለውበቱ ሲል ለብዙ ትውልድ እየመረጠ ስላራባው የወንዴ ክሮቹ አብዛኞቹ ወደ ተጨማሪ የአበባ ቅጠልነት ተለውጠዋል፤ እንደዚያ ተደራርቦ የምታየው ለዚህ ነው። ንብ መጥታ ብትዞረው የምታገኘው ብናኝ እጅግ ጥቂት ነው። ቡጋንቪላም ቢሆን ያ ደማቁ ነገር አበባው ሳይሆን አበባውን የከበበው ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ናት። ግቢውን በእነዚህ ብቻ የሞላ ሰው ያማረ ድንኳን ተክሎ እህል ያላቀረበ ደጋሽ ነው። እኔ የምጠይቀው ግቢ ውስጥ ካለው አበባ ቢያንስ ጥቂቱ እንዲያበላ ነው።

አሸንዳን ደግሞ ቀርበህ እየው። ከመሬት በታች ወፍራም፣ ከዓመት ዓመት የሚቆይ ግንድ አለው፤ ከዚያ ላይ ረጃጅም፣ ወደ ጫፋቸው የሚሾሉ ቅጠሎች በዙሪያው ይወጣሉ። ከመካከላቸው አንድ ሜትር ገደማ የሚደርስ ጠንካራ ዘንግ ይነሣል፤ የዘንጉ ጫፍ በትንንሽ ቱቦ መሰል አበቦች ጥቅጥቅ ብሎ ይሸፈናል። የሚፈካው ከታች ወደ ላይ ነው። የላይኞቹ ገና እምቡጥ ሳሉ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ናቸው፤ የታችኞቹ ሲፈኩ ወደ ቢጫ ይለወጣሉ፤ የወንዴ ክሮቻቸውም ከቱቦው አፍ አልፈው ይወጣሉ። በዚህ አሠራሩ አንድ ዘንግ በአንድ ቀን አብቦ አያልቅም፤ አዲስ ረድፍ እየከፈተ ለብዙ ቀናት ይመግባል። ኔክታሩ ያለው ከቱቦው ሥር ነው፤ ቀጭንና ጎበጥ ያለ ረጅም ምንቃር ላለው ወፍ የተመቸ ነው። ሰንበርድ የሚባሉት ወፎች እንዲህ ያለ ምንቃር አላቸው። የአሜሪካዎቹ ሀሚንግበርዶች አየር ላይ ቆመው ይቀስማሉ፤ የእኛዎቹ ግን አርፈው መቅሰም ይመርጣሉ፤ የአሸንዳ ዘንግ ደግሞ ወፍ ቢያርፍበት አይጎብጥም። ወፏ ዘንጉን ጨብጣ ምንቃሯን ወደ ቱቦው ስትሰድ ግንባሯና አገጯ ብናኝ ይነካል፤ ያንኑ ይዛ ወደሚቀጥለው ተክል ትሄዳለች። ከነዚህ ወፎች አንዱ በሳይንስ ስሙ የተከዜን ወንዝ ስም የያዘ የደጋ ወፍ ነው፤ ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሐምራዊ ሆኖ ያብረቀርቃል። ከአሸንዳ ላይ በቀላሉ ከምታያቸው ወፎች አንዱ እሱ ነው።

ችግኝ አፊ፦ እሺ፣ ይህን ልቀበል። ግን ወፎቹ ቦትልብራሽ ላይም ያርፋሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የትም ቦትልብራሽ ባለበት ሲቀስሙ ይታያሉ። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍም ከዚያው የመጣ ነው፤ ንብ አናቢውን ጠይቁት፣ ከባሕር ዛፍ የሚገኘውን ማር አይጠላም። ወፉና ንቡ የውጭውን ከበሉ፣ የአገሩን ለማምጣት ይህን ያህል መድከም ለምን ያስፈልጋል?

መምህርት፦ የምትለው እውነት ነው፤ የሚክድ ሰው ክርክሩን ያበላሻል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አውጥቷል፣ ንብንም ይመግባል። ከውጭ የመጣ ሁሉ ጎጂ፣ የአገር ሁሉ ጠቃሚ ነው የሚል ሚዛን የለኝም። ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? አንደኛ፣ አሸንዳ የደጋውን ዝናብና ብርድ፣ ረጅሙን በጋም ጭምር፣ ያለ ሰው እርዳታ የለመደ ነው፤ ሥር ከሰደደ በኋላ በየቀኑ የቧንቧ ውኃ አይጠይቅህም። ይህ ለደንበኛህ የውኃ ሂሳብ ነውና ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ግን የበለጠ ያሳስበኛል። ለጌጥ ከውጭ የሚመጣ ተክል አብዛኛው ከግቢ አይወጣም፤ የወጣው ጥቂቱ ግን ምን እንደሚያደርግ አይተናል። የወፍ ቆሎን ተመልከት። ከአሜሪካ አህጉር መጥቶ በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው ለአጥርና ለጌጥ ነው፤ አበባው ቢራቢሮ ይጠራል፣ ፍሬውን ወፍ ይበላል፤ አንተ በጠቀስከው ሚዛን ብቻ ቢለካ ሙሉ ነጥብ ያገኝ ነበር። ያንኑ ፍሬ የበላው ወፍ ዘሩን ግጦሽ ላይ በተነው፤ ዛሬ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ከብት የማይገባበት ጥሻ ሆኗል። እንቦጭም እንደዚሁ ነው። ሐምራዊ አበባው ስላማረ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በኩሬና በገንዳ ማስጌጫነት ብዙ አገር ገባ፤ በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁና መንግሥት በእጅም በማሽንም ሲነቅሉት ኖረዋል። አበባን ከውጭ የሚያመጣ ሰው እንዲህ ያለውን ዕዳ ለልጅ ልጅ ሊያወርስ እንደሚችል አውቆ ማምጣት አለበት። አሸንዳ ግን በዚህ ደጋ ላይ ከእንስሳቱ፣ ከሣሩና ከአፈሩ ጋር ተላምዶ የኖረ ነው።

ችግኝ አፊ፦ አሸንዳስ አይስፋፋም? አሁን ራስዎ ስለ ግጦሽ አነሡ። ባሌ ላይ፣ ጋይሳይ ሜዳ አካባቢ፣ ዓይን እስኪደክም ድረስ አሸንዳ ነው ይላሉ የሄዱ ሰዎች። ሜዳ የሚወርር ተክል ነገ የጎረቤቴን ግቢ ቢወርስ ተጠያቂው ማነው?

መምህርት፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምክንያትና ውጤት የሚምታታበትም እዚህ ላይ ነው። አሸንዳ በብዛት የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከመጠን በላይ በተጋጠ መሬት ላይ ነው፤ ይህ የተመዘገበ እውነት ነው። ነገር ግን ሣሩን ያጠፋው እሱ አይደለም። ከብትና በግ ሣሩን እየመረጡ ይበላሉ፣ እሱን ይተዋሉ፤ ዓመት በዓመት ሲደጋገም ሣሩ ዘር ሳይጥል ያልቃል፣ የተተወው ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ አሸንዳ በዚያ ሜዳ ላይ የሚመሰክረው ስለ ግጦሹ አያያዝ ነው። አሸንዳውን ብትነቅለውና ከብቱን ባትቀንስ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፣ የክረምቱ ጎርፍም አፈሩን ይወስደዋል። መፍትሔው ምን እንደሆነ የመንዝ ሰዎች ያውቁታል፤ የጓሳን ሜዳ ቄሮ በተባለው ባህላዊ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ሜዳው ለዓመታት ይዘጋ፣ ሣሩ ሲያገግም በሥርዓት ይከፈት ነበር። ወደ ግቢ ስንመጣ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። ከመሬት ሥር እየሮጠ አሥር እርምጃ ርቆ የሚወጣ ተክል አይደለም፤ ባለበት እየሰፋ ጉብ ብሎ የሚያድግ ነው። ዘሩም በወፍ ሆድ አይጓዝም፤ ደረቅ ፍሬው ሲሰነጠቅ እዚያው አቅራቢያ ይወድቃል። የደረቀውን ዘንግ ፍሬው ሳይከፈት ከቆረጥክ የትም አይሄድም።

ችግኝ አፊ፦ ከብት የማይበላው ግን መርዝ ቢኖረው አይደል? ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ነውኮ።

መምህርት፦ ቅጠሉን ከብት አይወደውም፤ ሥሩ ውስጥ ደግሞ ጠንከር ያሉ ውሕዶች እንዳሉ ኬሚስቶች አረጋግጠዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜ ከጀርመናዊው ኬሚስት ሽቴግሊሽ ጋር በ1984 እ.ኤ.አ. ከዚህ ተክል ውስጥ ቀድሞ የማይታወቅ ውሕድ አግኝተው ክኒፎሎን ብለው ሰየሙት፤ ስሙም ከተክሉ የተወሰደ ነው። በባህላዊ ሕክምና ሥሩ ለሆድ ቁርጠት ይሰጣል። ስለዚህ ሥሩን ቤት ውስጥ ቀቅሎ መጠጣት እንደማይገባ ለደንበኛህ ንገረው፤ ይህንን በደንብ ንገረው። አበባው ግን ሌላ ነገር ነው። የባሌ እረኞች ልጆች ኔክታሩን ይልሱታል።

ችግኝ አፊ፦ ቀይ ቀበሮም ይልሰዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ እውነት ነው ወይስ ቱሪስት ለመሳብ የተወራ?

መምህርት፦ እውነት ነው፤ በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ኢኮሎጂ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮን የሚከታተሉ ተመራማሪዎች ከተለያዩ መንጋዎች የሆኑ ቀበሮዎች ከአሸንዳ ወደ አሸንዳ እየሄዱ የታችኞቹን የፈኩ አበቦች ሲልሱ ተመልክተው ፎቶ አንሥተዋል፤ አንዳንዱ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ጎብኝቷል። ትልልቆቹ ግልገሎቻቸውን ወደ አበባው መስክ ይዘው ሲሄዱም አይተዋል፤ ይህም ልማዱ ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚተላለፍ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። በአፍንጫቸው ዙሪያ ያለው ጠጕር ቢጫ ብናኝ ለብሶ በፎቶው ላይ በግልጽ ይታያል። ከተመራማሪዎቹ አንዱ፣ ክላውዲዮ ሲሌሮ ዙቢሪ፣ አበባው እንደሚላስ መጀመሪያ ያወቀው የእረኛ ልጆችን አይቶ መሆኑን ተናግሯል። እንግዲህ አስብ፤ ይህ እንስሳ ከ500 ያነሰ ቁጥር የቀረው፣ ኑሮው በፍልፈልና በአይጥ አደን ላይ የቆመ ሥጋ በል ነው።

ከዚህ ማስረጃ ምን እንደሚወጣና ምን እንደማይወጣ ግን መለየት አለብን። ቀበሮው ብናኝ ይሸከማል፤ ያ ብናኝ በእርግጥ ሌላውን አበባ አራክቦ ዘር እንዲይዝ አድርጓል ወይ የሚለው ገና አልተረጋገጠም፤ ተመራማሪዎቹም ራሳቸው ሊሆን ይችላል ነው ያሉት። አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ስለተከልከው ደግሞ ቀይ ቀበሮ አይመጣልህም፤ በዚህ ስም የሚሸጥ ሰው ደንበኛውን ያታልላል። ለእኔ ክርክር የሚጠቅመው ሌላው ጎኑ ነው። ሥጋ በል እንስሳን ከአደኑ አቁሞ ሠላሳ አበባ የሚያስጎበኝ ተክል የሚሰጠው ኔክታር ብዙ ነው ማለት ነው። ጥቂት ግራም ብቻ ለምትመዝን ወፍ ይህ ምን ያህል ሲሳይ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በደቡብ አፍሪካ የሚበቅሉትን የአሸንዳ ዘመዶች ያጠኑ ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር አይተዋል፤ ረጅም ምንቃር ያላቸው ብቻ ሳይሆኑ፣ ምንቃራቸው አጭር የሆነና ሌላ ጊዜ ፍሬና ትል የሚለቅሙ ወፎችም አበባው በሚፈካበት ወቅት እየመጡ ይጠጣሉ፣ ብናኝም ያራክባሉ። ንብም አትቀርም፤ የወንዴ ክሮቹ ከቱቦው ውጪ ስለሆኑ ወደ ውስጥ ሳትገባ ብናኙን ትሰበስባለች። አንድ ዘንግ ላይ ይህን ያህል ተመጋቢ የሚያገናኝ አበባ በአንተ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ስንት አለ?

ችግኝ አፊ፦ ብዙ የለም፤ እውነቱን ልናገር። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። እንደሚሉት ባሌ፣ አርሲ፣ ሰሜን ሸዋ፣ ጎንደር፣ ወሎ ላይ በብዛት ካለ፣ አደጋ ላይ አይደለም ማለት ነው። አደጋ ላይ ያልሆነን ነገር ከተማ አምጥቶ መትከል ምን ይጨምራል?

መምህርት፦ ተክሉን ከጥፋት ለማዳን ነው አላልኩም። ዛሬ አልጠፋም፤ እርሻው ወደ ላይ እየወጣ ተራራውን መግፋቱ ያሳስበኛል እንጂ አሸንዳ ነገ ያልቃል ብዬ አላስፈራራህም። ችግሩ ያለው ከተማው ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ የተቆረቆረች፣ እንጦጦ ደግሞ 3,200 ሜትር የሚደርስ ተራራ ነው፤ ማለትም ከተማዋ ራሷ የአሸንዳ አገር ናት። ይህ ሜዳ ወደ ኮንክሪት፣ ወደ ንጣፍ ድንጋይና ወደ አንድ ዓይነት የሣር ምንጣፍ ሲለወጥ የወፉና የንቡ ማዕድ ተነሥቷል። ወፍ ከእንጦጦ ጫካ ተነሥታ ወደ ከተማው ወንዞች ስትወርድ መንገድ ላይ ማረፊያና መቅሰሚያ ያስፈልጋታል። አንድ ግቢ ብቻውን ብዙ አይደለም፤ ግን ሠፈር የሚሠራው በግቢ ነው። በየመንገዱ ዳርና በየወንዙ ዳርቻ አሁን የሚተከለው አበባ እጅግ ብዙ ነው፤ የተከላው ሥራ እየተሠራ፣ ገንዘቡም እየወጣ ነው። ጥያቄው ምን ይተከል የሚለው ብቻ ነው። ባሕር ዳር ወይም ድሬዳዋ ሆነህ ብትጠይቀኝ አሸንዳን ተው እልሃለሁ፤ ቆላና ወይና ደጋ የራሱ አበባ አለው። ደብረ ብርሃን፣ ደሴ፣ አዲስ አበባ፣ ጎባ ሆነህ ብትጠይቀኝ ግን ትከል እልሃለሁ።

ችግኝ አፊ፦ እንግዲያውስ ቀላል ነው። መኪና ይዤ ወደ ተራራው እወጣለሁ፣ መቶ ሥር አስቆፍሬ አመጣለሁ፣ በሚቀጥለው ክረምት ያብባል።

መምህርት፦ እንደዚያ ከሆነስ ይቅር! ክርክሬን ሁሉ እመልሳለሁ። ቀበሪቾን አስታውስ። ያም የዚህ አገር ብቸኛ ተክል ነው፤ ሥሩ ለጭስ ስለሚፈለግ ገበያ የሚቀርበው ተቆፍሮ ነው፤ ሥሩ ከወጣ ደግሞ ተክሉ አለቀ። በዚህ ምክንያት ቀድሞ በብዛት ይገኝበት ከነበረው ቦታ እየጠፋ ሄዷል። ለወፍ ብለን ተራራውን ብንቆፍር የወፉን ማዕድ ከአንዱ ቦታ አንሥተን ወደ ሌላው ማዛወራችን ነው፤ በመንገድ ላይም ግማሹ ይሞታል። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ መቆፈሩ ሕገ ወጥ ነው። አሸንዳ ወደ ከተማ የሚገባው በዘር ነው፤ ከዚህ ውጪ ሌላ በር የለውም። ዘሩም ቢሆን በባለቤቱ ፈቃድ፣ ከብዙ ተክሎች ጥቂት ጥቂት እየተወሰደ፣ አብዛኛው ለሜዳው እየተተወ ነው የሚለቀመው። ከብዙ ተክሎች የምልህ ለይምሰል አይደለም። ከአሸንዳ ዘመዶች የተጠኑት አብዛኞቹ በራሳቸው ብናኝ ዘር አይዙም፤ የሌላ ተክል ብናኝ ያስፈልጋቸዋል። ከአንድ እናት ሥር ከፋፍለህ ሃያ ግቢ ብትሞላ ሃያውም አንድ ተክል ናቸው፤ ያብባሉ፣ ዘር ግን የመያዝ ዕድላቸው ትንሽ ነው።

ችግኝ አፊ፦ በዘር ከሆነ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ቦታው ኪራይ አለው፣ ውኃው ገንዘብ ነው።

መምህርት፦ ከዘር የተነሣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ያብባል፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ሥራው ግን ከባድ አይደለም። ፍሬው ደርቆ መሰንጠቅ ሲጀምር ዘሩን ትለቅማለህ፤ አሸዋ፣ ብስባሽና ጥሩ አፈር ቀላቅለህ ላዩ ላይ ትዘራና በስሱ ታለብሰዋለህ። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ውኃ አይቋጥር፤ ጥላ ይኑረው። በሳምንታት ውስጥ ይበቅላል፤ ቅጠሉ ጠንከር ሲል ወደ ፕላስቲክ ታዛውራለህ፤ ክረምቱ ሲገባ፣ በሰኔ መጨረሻ፣ ወደ መሬት። ፀሐይ ይወዳል፤ ጠላቱ የተኛ ውኃ ነው። አዲስ አበባ ብዙ ቦታ ላይ አፈሩ ውኃ የሚይዝ ጥቁር ጭቃ ስለሆነ፣ መደቡን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ጠጠር ቀላቅሎ መትከል ያስፈልጋል። አንገቱን አትቅበረው፣ ይበሰብሳል። በተክልና በተክል መካከል ከ60 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ቦታ ይተው። አንድ ብቻ ለብቻው ከመትከል አምስት ስድስት አንድ ላይ መትከል ይሻላል፤ ለርክበ ብናኙም ይበጃል፣ ወፍም ከሩቅ ታየዋለች። አበባው ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው ደግሞ ባይተክለው ይመረጣል፤ እንግዳ ጠርቶ መመረዝ ነው የሚሆነው። የመጀመሪያው ትውልድ ካደገ በኋላ ዘሩን ከራስህ መደብ ታገኛለህ፣ ወደ ተራራ መሄድ አያስፈልግህም።

ችግኝ አፊ፦ አውሮፓ ውስጥ የተዳቀሉ የአሸንዳ ዘመዶች አሉ፤ ቶሎ ያብባሉ፣ ቀለማቸውም ብዙ ነው። ከውጭ ዘር ባስመጣ ለደንበኛ ይቀላል፤ ወፉም ይቀስመው ይሆናል።

መምህርት፦ ሊቀስመው ይችላል። እኔ ግን አጥብቄ የምቃወመው ይህንን ነው። የአውሮፓ አትክልተኞች ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የደቡብ አፍሪካውንና የሌላውን አገር ዝርያ እያዳቀሉ ብዙ ዓይነት አውጥተዋል፤ ያ የሆነው እነዚህ ተክሎች እርስ በርስ በቀላሉ ስለሚዳቀሉ ነው። እነሱ አገር የዱር አሸንዳ ስለሌለ የሚበረዝ ነገር አልነበረም። እኛ አገር ግን አለ፤ ከአሸንዳ ሌላም በዚህ አገር ብቻ የሚበቅሉ የቅርብ ዘመዶች አሉት። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ እሬቶችና ሊሊዎች በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ አንድ በአንድ ተገልጸዋል። የተዳቀለውን እንጦጦ ሥር ብንተክለው ወፏ ብናኙን ይዛ ወደ ዱሩ እንዳትሄድ የሚከለክላት ማን ነው? ብናኝ ተሸካሚ ይምጣ ብለን ከተከልን፣ ብናኙ እንደሚጓዝ አውቀን ነው መትከል ያለብን። ለዚህ ነው ዘሩ ከየት ተራራ እንደመጣ መታወቅ ያለበት፤ ለአዲስ አበባ የሚሆነው ከአቅራቢያዋ ተራሮች የተለቀመው ነው። ይህንን ሥራ ለብቻህ መጀመር የለብህም፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር ያቋቋሙት የጉለሌ እፅዋት ማዕከል አገር በቀል ዕፅዋትን የሚያሰባስብ ነው፤ ሄደህ አማክር።

ችግኝ አፊ፦ እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቀምጥ። ሙሉ መደብ አሸንዳ አላደርግም፤ ጽጌረዳው ነው ልጆቼን የሚያበላው። ግን ሁለት ሦስት ዓመት የሚጠብቅ አንድ መደብ መያዝ እችላለሁ። በመካከሉ ቶሎ የሚያብብ አገር በቀል ነገር ካለ ደግሞ ደንበኛው እስኪለምድ ያግዘኛል።

መምህርት፦ አለ። የፈረስ ዘንግን አፍላ፤ ራስ ክምር የሚሉትም አሉ። ብርቱካናማ ቱቦ አበቦቹ በግንዱ ላይ ደረጃ በደረጃ ክብ ሠርተው ይወጣሉ፣ ከአሸንዳ ፈጥኖ ያድጋል፣ ሰንበርድም ይወደዋል። ከእሱ ጋር አደይ አበባን በየዓመቱ ዝራ፤ የመስከረሙ ንብ ከእሱ አይለይም። እሬትም በበጋው ያብባልና ወፉ በዚያን ጊዜም ባዶ እጁን አይመለስም። አሸንዳው ሲደርስ ከእነዚህ ጎን ይቆማል፤ የጽጌረዳህንም ቦታ አይነካም። ደንበኛህ ግቢ ውስጥ ለአሸንዳ የሚበቃው ሁለት ካሬ ሜትር ነው።

ለገዢውም የምለው አለኝ። የምትኖረው ደጋ ላይ ከሆነና ትንሽ መሬት ካለህ፣ በዚህ ሰኔ ችግኝ ሻጩን አሸንዳ አለህ ወይ ብለህ ጠይቀው። የለኝም ካለህ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰህ ጠይቀው፤ ሻጭ የሚያፈላው የተጠየቀውን ነው። አለኝ ካለህ ደግሞ ዋጋ ከመከራከርህ በፊት ሥሩን ተመልከትና ከየት እንደመጣ አጣራ፤ ከተራራ የተቆፈረ ከሆነ አትግዛው።